በሕልም የተጀመረ ንዴት ለምን እስከ ምሳ ሰዓት ይከተላል?

ጥያቄው፦ «34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ላለፉት ሦስት ወራት ባለቤቴ ከሌላ ሴት ጋር ሆኖ በሕልሜ አያለሁ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። ሕልም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ንዴቱ አይለቀኝም። ቁርስ ላይ ፊቴን አጠቁርበታለሁ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ቢደውልም አላነሳም። ሰሞኑን ደግሞ እህቴን ‹3,000 ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ› ብዬ ተከራከርኳት። ሲታይ አልላክሁም፤ የላክሁት በሕልሜ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቼ ጠዋት 12 ሰዓት እነሳለሁ። ማንቂያዬ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፤ እያጠፋሁ መልሼ እተኛለሁ። የምወስደው መድኃኒት ለማይግሬን የታዘዘልኝ ፕሮፕራኖሎል ብቻ ነው፤ ማታ ማታ እውጠዋለሁ። እናቴ ሕልሙን ለሚፈታ ሰው ንገሪ ትለኛለች። እያበድሁ ነው ወይስ ሕልሙ የሚነግረኝ ነገር አለ?»

ምላሽ፦

እያበዱ አይደለም። «ሕልም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ንዴቱ አይለቀኝም» የሚል ሰው ሕልሙን ከእውኑ የሚለይበት ሚዛን አልተሰበረም። ሚዛኑ የተሰበረበት ሰው «ባለቤቴ ሌሊት ከድቶኛል» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ሕልም ነው ቢሉትም አይመለስም።

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች አንድ መስለው ተቀምጠዋል። የባለቤትዎ ጉዳይ ስሜት ከሕልም ወደ ቀን ሲሻገር ነው። የ3,000 ብሩ ጉዳይ ደግሞ ትዝታ ሲሻገር ነው። የሚገቡበት በር ይለያያል፤ ስለዚህ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። በጥያቄዎ መጨረሻ አካባቢ እንደ ተራ ነገር ጠቅሰው ያለፉት መድኃኒት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ከስሜቱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተኙ ሰዎች ዓይን ከሽፋኑ ሥር እየቆየ በፍጥነት ወዲያ ወዲህ እንደሚል መዘገቡ። በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሱት ሰዎች አብዛኞቹ ሕልም ላይ ነበሩ። ይህ የእንቅልፍ ክፍል ዛሬ ሬም እንቅልፍ ይባላል። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመጣል፤ ከአንድ ሌሊት እንቅልፍ አንድ አምስተኛ ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ይይዛል። አከፋፈሉ ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ዙር 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ንጋት ያለው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከ6 እስከ 12 ሰዓት የሚተኛ ሰው ረጅሙን ሕልም የሚያየው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው ማለት ነው፤ ልክ የእርስዎ ማንቂያ መጮኽ በሚጀምርበት አካባቢ።

በሬም ጊዜ አንጎል ግማሹ በሥራ ላይ፣ ግማሹ በዕረፍት ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ይመስላል። ፍርሃትና ንዴት የሚያያዙበት አሚግዳላ የሚባለው ክፍል ከነቃንበት ጊዜ ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በበለጠ ይሠራል። «ቆይ፣ ይህ ነገር ይሆናል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው የግንባሩ የፊት ክፍል ግን ዝቅ ብሎ ይውላል። በቀን ንቁ የሚያደርገን ኖርአድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ከአንጎል ውስጥ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ልብ ግን ይመታል፤ ትንፋሽም ይፈጥናል፣ ይዘገያል። በሕልም የተቆጣ ሰው በእውነት ተቆጥቷል። ሐሰት የሆነው ታሪኩ ነው፤ ቁጣው ግን በሥጋው ላይ የደረሰ እውነተኛ ነገር ነው።

ሲነቁ የሚሆነውን እዩት። ታሪኩ በደቂቃዎች ውስጥ ይበናል፤ ምክንያቱም ትዝታን ከሚያጸኑት አንዱ የሆነው ያ ኖርአድሬናሊን በሬም ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር። የሰውነቱ ሙቀት ግን በዚያው ፍጥነት አይበርድም። በዚያ ላይ አንጎል እንደ አምፖል በአንድ ጊዜ አይበራም። ከነቁ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ እንቅልፍ ያጎደለ ሰው ላይ አንዳንዴ እስከ አንድ ሰዓት፣ የሚቆይ የመደንዘዝ ጊዜ አለ፤ ከሁሉ ዘግይቶ የሚነቃው ደግሞ ያ መርማሪው የግንባር ክፍል ነው። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ትኩስ ንዴት አለ፤ ታሪኩ የለም፤ መርማሪውም ገና አልገባም። ባለቤት ያጣ ንዴት ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል፤ አጠገቡ ተኝቶ የሚያገኘው የእርስዎን ባለቤት ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብረድ ሲገባው ለምን እስከ ምሳ ይቆያል? ምክንያቱም በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር አድርገዋል፤ ፊትዎን አጥቁረዋል። እሱ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ይከፋዋል፣ አጭር መልስ ይሰጣል፣ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይዘጋል። አሁን እውነተኛ የሆነ፣ በዓይንዎ ያዩት ቅዝቃዜ አለ። ሕልሙ ማስረጃ አልነበረውም፤ የጠዋቱ ኩርፊያ ግን ማስረጃ ሠራለት። እ.ኤ.አ. በ2014 ዲላን ሰልተርማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው ያየው። የፍቅር ጓደኛ ያላቸው ሰዎች ለሁለት ሳምንት ሕልማቸውንና ውሏቸውን በየቀኑ ጻፉ። የመከዳት ሕልም ካዩ በኋላ ባሉት ቀናት መቀራረባቸው ቀንሶ ተገኘ። እንቅልፍ ማጉደሉም የራሱን ይጨምራል። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኙ ወጣቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 በተሠራ የአንጎል ምስል ጥናት አሚግዳላ ለሚያስከፋ ምስል የሰጠው ምላሽ በደንብ ከተኙት በ60 በመቶ ያህል ጨምሮ ታይቷል። እርስዎ ሙሉ ሌሊት አያጡም፤ ግን ስድስት ሰዓት፣ ያውም የመጨረሻዋ ሰዓት በማንቂያ የተቆራረጠች፣ ለጎልማሳ ሰው አይበቃም። ቢያንስ ሰባት ያስፈልጋል።

«የሚነግረኝ ነገር አለ?» ለሚለው፦ ስለ ባለቤትዎ ድርጊት፣ የለም። ሕልም የሚሠራው እርስዎ ውስጥ ካለ ዕቃ ነው፤ ከሰፈር የመጣ ወሬ አይጨምርበትም። ስለ እርስዎ ስጋት ሊናገር ይችላል፤ ያንን ደግሞ ሳይተኙም ያውቁታል። በቀን ያዩት፣ በቀን የሚያጠራጥርዎ ነገር ካለ ያንኑ በቀን ማስረጃ ያንሱት። ሕልሙን ምስክር አድርገው አይጥሩ።

ሰው ግን ይጠራል፤ ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ኬሪ ሞርዌጅና ማይክል ኖርተን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ቦስተን ውስጥ የሚጓዙ ሰዎችን ጠየቁ። በአውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት በነበረው ሌሊት አውሮፕላኑ ሲከሰከስ በሕልም ቢያዩ፣ መንግሥት የአደጋ ስጋት አለ ብሎ ካስጠነቀቀው ይልቅ ጉዟቸውን እንደሚያስተጓጉል ተናገሩ። በዚያው ጥናት ሰዎች ትርጉም የሚሰጡት ቀድሞ ካመኑት ነገር ጋር ለሚስማማ ሕልም እንደሆነ ታየ፤ የሚወዱት ሰው ሲያስቀይማቸው ያዩበትን ሕልም «ሕልም ነው» ብለው የማለፍ ዝንባሌ ነበራቸው። «ሕልም እንደ ፈቺው» የሚለው የእኛ አባባል ይህንኑ በሦስት ቃል ጨርሶታል። እርስዎ ግን የሚወዱትን ሰው ሕልም ማለፍ እያቃትዎ ነው፤ ለዚህም ነው ከትርጉሙ ይልቅ እንቅልፉንና መድኃኒቱን የምጠረጥረው።

እናትዎን አይጋፏቸው። በእምነት በኩል የሚያሳስብዎ ነገር ካለ ከንስሐ አባትዎ ጋር መነጋገርና መጸለይ አይጎዳም፤ ብዙ ሰው ያረጋጋል። የሚጎዳው «የባልሽ ልብ ሌላ ቦታ ነው» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ፈቺ ነው። እግረ መንገዴን ስለ ጥርስ ልበል፤ ሁሉም ይጠይቃል። ጥርስ ሲወልቅ ማየት የዘመድ ሞት ነው ስለሚባል ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶች በሌሊት አገር ቤት ይደውላሉ። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን የጥርስ ሕልም ሲነቁ ከሚሰማ የድድና የመንጋጋ መወጠር ጋር እንደሚሄድ አገኘ፤ ከአጠቃላይ ጭንቀት ጋር ግን አልሄደም። ጥርሱን እያፋጨ የሚተኛ ሰው ሐዘን ከመጠበቅ የጥርስ ሐኪም ቢያይ ይሻለዋል።

አሁን ወደ 3,000 ብሩ። አንጎል ትዝታ ላይ «ይህ ሆኗል»፣ «ይህን አስቤዋለሁ» የሚል ማኅተም አያትምም። ማርሻ ጆንሰን የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየችው፣ ትዝታው በተነሣ ቁጥር ምንጩን ከምልክቶቹ እንገምታለን። ቀለም፣ ድምፅ፣ ቦታ፣ ሰዓት በብዛት ካለው «ሆኗል» እንላለን፤ የማሰብ ድካም ካለው «አስቤው ነው» እንላለን። ሕልም ይህን ዘዴ ያታልላል፤ ቀለምና ቦታ አለው፣ እርስዎ ግን አልደከሙበትም፤ ራሱ መጣ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነን የሕልም ወጣ ያለ ጠባይ ነው። በሕልሙ የበረረ ሰው በረርሁ ብሎ አይከራከርም። ሕልሙ ግን ገንዘብ መላክ፣ ምድጃ ማጥፋት፣ ለአለቃ መልስ መስጠት ከሆነ ምንም ወጣ ያለ ነገር የለውም፤ ከሌሎቹ ትዝታዎች መካከል ገብቶ ይቀመጣል።

እንዲህ ያለውን ተራ ሕልም ደግሞ የሚያመርተው ያ ማንቂያ ነው። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ድረስ እየነቁ መልሰው ሲተኙ፣ ጭንቅላትዎ የቀኑን ሥራ ማሰብ ጀምሯል፤ ሰውነትዎ ግን ወዲያው ወደ ቀላል እንቅልፍ ወይም ወደ ሬም ይመለሳል። ያን ጊዜ ሰው ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ስልኩን ከፍቶ ያያል፤ በእውኑ ግን አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ «እህቴ ገንዘብ ትፈልጋለች» ብሎ መልሶ የተኛ ሰው በሕልሙ ቢልክ አይገርምም። ይህ በጤናማ ሰውም ላይ ይደርሳል። ናርኮሌፕሲ ከሚባለው የእንቅልፍ ሕመም ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገ ንጽጽር፣ ከሕሙማኑ 83 በመቶ፣ ከጤነኞቹ 15 በመቶ ሕልምን ከእውን ያደባለቁበት ጊዜ እንዳለ ተናግረዋል። ልዩነቱ በብዛቱ ነው፤ ለጤነኛው አልፎ አልፎ ነው፣ ለሕሙማኑ ግን ደጋግሞ የሚመጣ።

ምን ያድርጉ? ዛሬ ማታ የማንቂያውን ነገር ይጨርሱ። አንድ ማንቂያ ብቻ፣ በእውነት በሚነሡበት ሰዓት፣ 12 ሰዓት ላይ፤ ስልኩም አልጋ ላይ ሳይሆን እግር ወርዶ በሚደረስበት ቦታ። የመኝታ ሰዓትዎን በየሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ እየሳቡ ወደ ሌሊቱ 5 ሰዓት ያምጡት፤ በአንድ ቀን አንድ ሰዓት ለመሳብ የሞከረ ሰው አልጋ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፦ እንቅልፍ ያጎደለ ሰው መተኛት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕልሙ ይበዛል፤ አንጎል የጎደለበትን ሬም እየሞላ ስለሆነ። «ባሰብኝ» ብለው እንዳይተዉት።

ጠዋት ላይ የሚወስነው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። እንደነቁ ቁጭ ይበሉ፤ እግርዎን መሬት ያስነኩ። ድምፅ አውጥተው፣ በሹክሹክታም ቢሆን፣ ሦስት ነገር ይናገሩ፦ ያዩት ሕልም መሆኑን፣ የቀረብዎ ስሜት ምን እንደሆነ፣ ከ10 ስንት እንደሚሰጡት። «ሕልም ነበር። የቀረብኝ ንዴት ነው። 7» በቂ ነው። ስሜቱ ስም ሲያገኝ በባለቤትዎ ስም መጠራቱን ይተዋል። ከዚያ መጋረጃ ይክፈቱ፣ ፊትዎን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል አራት እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። ማስወጣቱ ከማስገባቱ መርዘሙ ነው የልብን ምት የሚያረጋጋው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ቁጥሩን እንደገና ይስጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3 ወይም 4 ወርዶ ያገኙታል። እስከዚያ ድረስ ስለ ትዳር አይነጋገሩ፣ መልእክት አይላኩ፣ የእሱን ስልክ ደግሞ በፍጹም አይክፈቱ። ስልክ መፈተሽ ለአሥር ደቂቃ ያሳርፋል፤ በማግሥቱ ሳይፈትሹ መዋል ያቅታል።

ሰዎች እዚህ ላይ በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንዱ ሕልሙን ከነዝርዝሩ ሁለት ገጽ መጻፍ ነው፤ ሊጠፋ የነበረውን ታሪክ ያጸናዋል። ሁለት መስመር ይበቃል። ሌላው ማታ «ስለዚህ ነገር አላስብም» ብሎ መታገል ነው። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዎችን ከመተኛታቸው በፊት ስለ አንድ ሰው እንዳያስቡ ጠይቀው ነበር፤ ያው ሰው በሕልማቸው በብዛት መጣ። የተባረረ ሐሳብ በጓሮ ይገባል።

ለባለቤትዎ ይንገሩት፤ ግን ማታ፣ ሁለታችሁም ስትረጋጉ። «አንተ በሕልሜ እንዲህ አደረግህ» ብለው ከጀመሩ ያልሠራውን ወንጀል ሊከላከል ይነሣል። እንዲህ ይበሉት፦ «ሰሞኑን የሚረብሽ ሕልም እያየሁ ጠዋት ይከፋኛል። አንተ ያደረግኸው ነገር የለም። ዝም ካልሁህ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ፣ ራሴ እመጣለሁ»። የሕልሙን ዝርዝር መናገር ግዴታ አይደለም።

ለገንዘብ፣ ለምድጃና ለመድኃኒት ደግሞ ጭንቅላትዎን ሳይሆን ምልክትን ይመኑ። ገንዘብ ከሆነ የቴሌብር ማረጋገጫ መልእክቱ፤ መድኃኒት ከሆነ ሰባት ክፍል ያለው የክኒን ማስቀመጫ። አንድ ጊዜ አይተው ያበቃል። ሦስት አራት ጊዜ መመለስ ከጀመሩ ግን ችግሩ ሕልም መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሆኗል፤ ያኔ ለባለሙያ ይነገራል። በኢንተርኔት «በቀን አሥር ጊዜ ሕልም ላይ ነኝ ወይ ብለህ ጠይቅ» የሚል ምክር ያዩ ይሆናል፤ በሕልም ውስጥ ለመንቃት የሚደረግ ልምምድ ነው። ትዝታው ለተደባለቀበት ሰው አልመክረውም፤ የነበረውን ጥርጣሬ ወደ ቀን ያሰፋበታል።

ይህን አድርገውም ሕልሙ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መምጣቱን ካልተወ፣ ለተደጋጋሚ ቅዠት ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ዘዴ ሕልሙን እንደገና መጻፍ ነው። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ላይ ሞክረው ቅዠቱ እንደቀነሰ አሳትመዋል፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2018 ለቅዠት ሕመም የሚመከር ብሎታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው በዝርዝሩ ነው። በቀን፣ ለምሳሌ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይቀመጡ። ሕልሙን በአምስት ስድስት መስመር ይጻፉ። ከዚያ ክፉው ነገር ከመድረሱ በፊት ካለው ቦታ ጀምሮ እንደፈለጉ ይለውጡት። በሩን ከፍተው ሲገቡ ባለቤትዎ ከልጆቹ ጋር ድንች እየላጠ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ወይም በሩ የእናትዎ ጓሮ ላይ ሊከፈት ይችላል። የሚያምር መሆን የለበትም፤ የተለየ መሆን ነው ያለበት። አሮጌውን ወረቀት አጣጥፈው ያስቀምጡና አዲሱን ብቻ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይን ጨፍነው በዝርዝር ይመልከቱት፤ ሽታውን፣ ድምፁን፣ የወለሉን ቅዝቃዜ ጭምር። ለውጥ ለማየት ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ።

የሚበላሽባቸው ሰዎች አዲሱን ትተው አሮጌውን የሚያጠኑት፣ አልጋ ላይ ሆነው የሚሠሩት፣ ወይም ፍጻሜውን ደም ያለበት በቀል የሚያደርጉት ናቸው፤ በቀሉ ንዴቱን ያሞቀዋል። ሕልሙ በእውን የደረሰ ነገር ድግግሞሽ ከሆነ ግን፣ ጦርነት፣ መደፈር፣ የስደት መንገድ፣ የመኪና አደጋ፣ ብቻዎን አይጀምሩት። ይህን ሥራ ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር ነው የሚሠራው።

አሁን ወደዚያ መድኃኒት። ፕሮፕራኖሎል ለማይግሬን መከላከያ በሰፊው የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ስብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ግን ወደ አንጎል በደንብ ይገባል፤ የእንቅልፍ መረበሽና ቅዠትም ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ መካከል ናቸው። ሕልሙ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው ብለዋል፤ መድኃኒቱ የጀመረበትን ቀን ግን አልጻፉም። ሁለቱ ቀኖች ከተቀራረቡ ከላይ ከጻፍሁት ሁሉ በፊት ይህ ይታይ። በራስዎ አያቁሙት፤ በድንገት ሲቋረጥ የልብ ምትና የደም ግፊት ወደ ላይ ሊዘል ይችላል፤ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ የማታውን ወደ ቀን ሊያዛውር፣ ወደ አንጎል እምብዛም ወደማይገባው አቴኖሎል ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ሊለውጥ ይችላል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ ኢፋቪሬንዝ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ደማቅ ሕልም ያያል፤ ከቅባት ምግብ ጋር ሲወሰድ መጠኑ በደም ውስጥ ስለሚጨምር ይብሳል። ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር እንቅልፍ ከነሣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻላል። ለወባ የሚሰጠው ሜፍሎኪንም በዚህ ይታወቃል። የድብርት መድኃኒት በድንገት ያቋረጠ ሰው፣ ማታ ጠጥቶ የተኛ ሰው፣ ለወራት ቅሞ ጫት የተወ ሰው ሦስቱም በአንድ መንገድ ነው ቅዠት የሚያዩት፦ ተጨቁኖ የቆየው ሬም ሲለቀቅ ብድሩን በአንድ ጊዜ ይከፍላል።

ጫት ያቆሙ ሰዎች ዱካክ የሚሉት ነገርም ከዚህ ጎረቤት ነው። በሬም ጊዜ አንጎል ጡንቻን ያስራል፣ ሕልማችንን ተነሥተን እንዳንሠራው። አንዳንዴ ዓይን ይነቃና ማሰሪያው ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃ ያህል ሳይፈታ ይቀራል፤ ሰው መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ደረቱ ላይ የተጫነ፣ ክፍሉ ውስጥ የቆመ ነገር ያያል። ሕልሙ ገና አላለቀም፤ ክፍሉ ግን የእውነቱ ክፍል ነው፤ ስለዚህም ነው ከሁሉ በላይ እውነት የሚመስለው። ለመጮኽ አይታገሉ። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ አልታሰረም፤ ትንፋሽዎ ላይ ያተኩሩና አንድ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጉደል ያባብሱታል።

ሳይዘገይ ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው ቀን ላይ መቋቋም የማይቻል እንቅልፍ ሲጥል፣ ሲስቁ ወይም ሲደነግጡ ጉልበት ሲከዳ፣ ወይም ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በሕልሙ እየጮኸ አጠገቡ ያለውን ሲመታ ነው። ሕልሙ ከቀትር በኋላም «እውነት ነው» ብሎ ሲያስምል፣ ሕልም ሳይኖር ባለቤትን መከታተል ሲጀመርም እንዲሁ። ቅዠቱ ከተስፋ መቁረጥ ወይም ከመሞት ሐሳብ ጋር ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው። ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ስሙን ይፈራል፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አለ።

እርስዎ ግን መጀመሪያ የሚሄዱት ማይግሬንዎን ወደሚከታተለው ሐኪም ነው። ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ለ14 ቀን አንድ ወረቀት ላይ በየጠዋቱ የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት፣ ሕልም ነበር አልነበረም፣ ሲነቁ የነበረውን ቁጥር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለውን ቁጥር፣ መድኃኒቱን የወሰዱበትን ሰዓት ይጻፉ። በወረቀቱ አናት ላይ ደግሞ ፕሮፕራኖሎሉ መጀመሪያ የታዘዘበትን ቀን ከካርድዎ ላይ አይተው ያስፍሩ፤ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቅዎ እሱን ነው።